ለተቀየረ የቮልስ ሞተር ታይሚንግ፦ በጆሮ፣ በአምፖል ወይስ በስትሮብ?

አባይ በረሃን ወርጄ ወደ ደጀን ስወጣ ነው ሞተሬ የተበሳው። ተቃጠለ አላልኩም፣ ተበሳ። የሦስተኛው ሲሊንደር ፒስተን አናቱ ላይ ስሙኒ የምታክል ቀዳዳ ወጣችበት። መኪናዋ የ1970 ሞዴል 1300 ቮልስ ናት፣ ግን 1300 የቀረው ስሟ ብቻ ነው። ሲሊንደርና ፒስተኑን በባለ 87 ሚሊሜትር ቀይሬ 1,641 ሲሲ አድርጌያታለሁ፤ ቴስታታዎቹም (የሲሊንደር ክዳኖቹ) የ1600 ናቸው። ከአዲስ አበባ ስነሳ እንደ ወፍ ነበር የምትበረው። ቁልፍ ገና ሳይዞር ትነሳለች፣ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ የምትሠራበት ዙር) እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው፣ ጎሃ ጽዮን እስክደርስ አንድ ቅሬታ አልነበረኝም።

ታይሚንጉን (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት) ያስተካከለልኝ ሰው በጆሮው ነበር ያስተካከለው። ስሙን አልጠራም፣ ክፉ ሰውም አይደለም፣ በዚያ ጆሮው ስንት የሞተ ሞተር አስነስቷል። ሞተሩን ከማውረዴ በፊት ግን ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) የቆመበትን ቦታ በምስማር ጭሬ ምልክት አደረግኩ። ተጠግኖ ሲገጠም እዚያው ጭረት ላይ መለስኩት፣ ከጓደኛ ስትሮብ (ታይሚንግ የሚለካ ብልጭ የሚል መብራት) ተዋስኩና ለካሁ። ነዳጅ ስሰጠው አድቫንሱ (እሳቱ ፒስተኑ ላይ ጫፍ ከመድረሱ በፊት የሚቀድምበት መጠን) 41 ዲግሪ ላይ ሄዶ ቆመ። ለዚህ ሞተር 30 ይበቃዋል። በቃ፣ ፒስተኔን የበላው እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ "በምን ላስተካክለው? የትኛውን ዲስትሪቢዩተር ልግዛ?" እያለ ይጠይቀኛል፣ እኔም በስልክ ማስረዳት ሰልችቶኛል። እዚህ ጽፌዋለሁ። ሙያተኛ አይደለሁም፣ ባለ ቮልስ ነኝ። የፒስተኑን ዋጋ ግን ከኪሴ ከፍያለሁ።

መጀመሪያ፣ ጆሮ ለምን ይሸወዳል

ካንዴላው እሳት የሚሰጠው ፒስተኑ ላይ ጫፍ ሲደርስ አይደለም፣ ቀደም ብሎ ነው። ቤንዚንና አየሩ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጊዜ ይፈልጋል፣ ፒስተኑ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 50 ዙር ማለት ነው፤ 30 ዲግሪ ለመዞር ታዲያ የሰከንድ 2 ሺኛ እንኳን አይሞላም። ስለዚህ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እሳቱም መቅደም አለበት። ይህንን የሚሠሩት ዲስትሪቢዩተሩ ሆድ ውስጥ ያሉ ሁለት ትንንሽ ክብደቶች ናቸው። ሲሽከረከሩ ወደ ውጭ ይገፋሉ፣ ሞላቸው ይለጠጣል፣ እሳቱ ይቀድማል። የሆነ ቦታ ሲደርሱ ማቆሚያቸውን ይነኩና ከዚያ በላይ አይሄዱም።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በሚኒሞ ላይ ሞተሩ ብዙ ማስቀደምን ይወዳል። ባስቀደምክለት ቁጥር ከፍ ይላል፣ ይለሰልሳል፣ ጆሮህም ደስ ይለዋል። ግን በሚኒሞ 16 ዲግሪ የሰጠኸው ሞተር፣ ክብደቶቹ ሌላ 25 ሲጨምሩበት 41 ይሆናል። በሚኒሞ ላይ 16 ማንንም አይጎዳም። ሦስት ሰውና ሻንጣ ጭነህ ዳገት ላይ ስትረግጥ ግን 41 ይገድላል። ጆሮ የሚሰማው ታችኛውን ነው፣ ፒስተን የሚበላው ላይኛው ነው።

ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው፣ ይህንን ደግሞ የፈረንጅ መጽሐፍ አይነግራችሁም። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ እሳቱ በዝግታ ይሄዳል፣ ሞተሩ ብዙ ማስቀደምን ይችላል፣ አያንኳኳም (ማንኳኳት ማለት ቤንዚኑ በሥርዓት ከመንደድ ይልቅ ሲፈነዳ ነው)። ጎበዝ መካኒክ አዲስ አበባ ላይ "እስኪያንኳኳ አስቀድመህ ትንሽ መልስ" በሚለው ዘዴ ሲሠራ፣ የሚያገኘው ለአዲስ አበባ አየር የሚሆን ቁጥር ነው። አባይ ድልድይ ግን 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አዋሽም እንደዚያው። ወረዳችሁ ማለት አየሩ ወፈረ፣ ሙቀቱ ጨመረ፣ ከዚያ ደግሞ ከበረሃው ለመውጣት በሁለተኛ ማርሽ ረግጣችሁ ነው የምትወጡት። ሦስቱም ነገሮች ማንኳኳትን የሚጠሩ ናቸው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ላይ ይመጣሉ።

"ታዲያ ሲያንኳኳ አልሰማህም?" ትሉኝ ይሆናል። አልሰማሁም! ሌላ መኪና ላይ ማንኳኳት ሽምብራ ሲቆላ እንደሚንጣጣው ይሰማል። ቮልስ ላይ ያ ማራገቢያ ከኋላ እየጮኸ፣ ማርሚታው እየጮኸ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ምን ይሰማል? ሦስተኛው ሲሊንደር ደግሞ የተረገመ ነው። እስከ 1970 ባሉት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው አየር መንገዱ ላይ ስለተቀመጠ ለሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው ንፋስ ሙቅ ነው። ከ1971 ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከመንገድ አውጥተው የራሱ ቤት ሠሩለት። የኔ አሮጌው ነው፣ የተበሳውም ሦስተኛው ነው።

ሦስቱ መንገዶች

በጆሮ የሚሠራውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዲስትሪቢዩተሩን የያዘችውን ማቀፊያ ላላ ማድረግ፣ ሞተሩ እየሠራ ዲስትሪቢዩተሩን ወደ ግራ መጠምዘዝ፣ ከፍ ሲል መለስ ማድረግ፣ ማጥበቅ። ያልተነካ 1200 ሞተር ይዞ ከቦሌ ፒያሳ ለሚመላለስ ሰው ይሄ ዘዴ ዕድሜ ልክ ሊሠራለት ይችላል፣ አልዋሽም። የድሮው 1200 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ስላለው ራሱን የሚጎዳበት አቅምም የለው። ሲሊንደር ከሰፋ፣ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከተቀየረ፣ ቴስታታው ተልጦ ጭምቁ ከጨመረ ግን ጆሮ አይበቃም። በተለይ ካምሻፍት። ቫልቭ ረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚይዝ ካምሻፍት ያለው ሞተር በሚኒሞ ይንገጫገጫል፤ መካኒኩ ያንን ለማለስለስ ያስቀድማል፣ ያስቀድማል፣ ሚኒሞዋ እስክትለሰልስ ድረስ ላይኛው የት እንደደረሰ ማንም አያውቅም።

በአምፖል ማስተካከል ከጆሮ ይሻላል፣ ዋጋውም የአንዲት አምፖልና የሁለት ክር ሽቦ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ነው የሚሠራው። ካንዴላዎቹን አውጡ፣ ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚጠመጠምበትን ክብ) በእጅ ማዞር ይቀላችኋል። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሱና ሮተሩ (ውስጡ የሚዞረው ጣት) የዲስትሪቢዩተሩ ከንፈር ላይ ወዳለችው ትንሽ ጭረት እስኪያመለክት ወደ ቀኝ አዙሩ፤ ያ የአንደኛው ሲሊንደር ተራ ነው። አንደኛው ማለት በመኪናው ቀኝ በኩል ወደ ሾፌሩ የቀረበው ነው። ፑሌጃው ላይ ያለውን የ7.5 ዲግሪ ምልክት የሞተሩ ሁለት ግማሾች ከተጋጠሙበት መስመር ጋር አስተካክሉ። ከአምፖሉ አንዱን ሽቦ ቦቢናው (ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ላይ 1 ቁጥር ከተጻፈበት፣ ሌላውን ከቦዲ ጋር። ቁልፍ ክፈቱ። አሁን ዲስትሪቢዩተሩን መጀመሪያ አምፖሉ እስኪጠፋ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ በጣም ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ። ብልጭ ያለበት ቦታ ላይ አቁሙ፣ አጥብቁ። ያ ቅጽበት ፑንቲናዋ (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የምትከፈትና የምትዘጋው የኤሌክትሪክ መገናኛ) የተከፈተችበት ነው፣ እሳቱ የሚወጣውም ያኔ ነው።

ከዚህ በፊት ግን የፑንቲናዋ ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት፣ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ክፍተቷ ከሰፋ ፑንቲናዋ ቀድማ ስለምትከፈት ታይሚንጉም ይቀድማል። ስለዚህ ታይሚንግ አስተካክሎ ከዚያ ፑንቲና መነካካት ማለት ሥራውን ማፍረስ ማለት ነው። ቁልፉን ከፍታችሁ ሻይ ልትጠጡ አትሂዱ ደግሞ፣ ቦቢናው ይግላል።

አምፖሉ የማያየው አንድ ነገር አለ፣ እሱም ዋናው ነገር ነው። ክብደቶቹ ስንት እንደሚጨምሩ አይነግራችሁም። ዲስትሪቢዩተሩ አዲስና ትክክለኛ ከሆነ 7.5 ከታች ስትሰጡት ላይ 30 አካባቢ ያርፋል። ሃምሳ ዓመት የሠራ ከሆነ፣ የክብደቶቹ ማቆሚያ የተበላ ከሆነ፣ ወይም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ኮፒ ከሆነ፣ 7.5 ከታች ሰጥታችሁት ላይ 38 ሊሆን ይችላል። 22 ላይ ቀርቶ ሞተሩን የሚያደክምና የሚያግልም አለ። አምፖሉን እኔ የማደርገው ሞተር አዲስ ሲገጠም ለማስነሳት ነው፣ ወይም መንገድ ላይ ዲስትሪቢዩተር ወልቆ ቤት ለመድረስ።

ስትሮብ ያው እንደምታውቁት ከአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ይያዛል፣ እሳት በሄደ ቁጥር ብልጭ ይላል፣ የሚሽከረከረው ፑሌጃ የቆመ ይመስላል። (ይመስላል ነው ያልኩት። ነጠላ፣ ስካርፍ፣ የሹራብ እጅጌ ከቺንጋው አርቁ። ቆሟል ብሎ ጣቱን የሰደደ ሰው አውቃለሁ።)

የስትሮቡ ጥቅም ከላይ ወደ ታች ማስተካከል መቻሉ ነው። የተቀየረ ሞተር ያለው ሰው መጽሐፉ ላይ ያለውን የሚኒሞ ቁጥር ይርሳው። ያ ቁጥር የተጻፈው ለዚያ ካምሻፍት፣ ለዚያ ካርቡራተር፣ ለዚያ ዲስትሪቢዩተር ነው፣ ሦስቱም አሁን መኪናችሁ ላይ የሉም። ላይኛውን 30 ላይ አስሩት፣ ሚኒሞው የወደቀበት ይውደቅ።

30 የሚል ምልክት ፑሌጃችሁ ላይ የለም፤ ኦሪጅናሉ ፑሌጃ ሚኒሞ አካባቢ ያሉ ጭረቶች ነው ያሉት። ምልክቱን ራሳችሁ ታደርጋላችሁ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ሜትሩን ፑሌጃው ላይ ጠምጥሙ፣ ዙሪያውን ለኩ፣ ለ12 አካፍሉ። 360 ለ12 ሲካፈል 30 ስለሆነ ያገኛችሁት ርዝመት 30 ዲግሪ ነው። የኔ ፑሌጃ ዙሪያው 55 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ስለዚህ 4.6 ሴንቲሜትር። ከላይ ጫፉ ምልክት (አንደኛው ፒስተን ላይ ጫፍ የሚደርስበት) ወደ ቀኝ፣ ከመኪናው ኋላ ቆማችሁ እያያችሁ፣ 4.6 ለኩና በጥፍር ቀለም መስመር አስምሩ። የእህቴን ቀይ ጥፍር ቀለም ነው የተጠቀምኩት፣ እስከ ዛሬ አለ። አንድ ሚሊሜትር ብትሳሳቱ ከአንድ ዲግሪ በታች ነው፣ አትጨነቁ።

የላይ ጫፉ ምልክት እውነተኛ መሆኑን ግን አረጋግጡ። እነዚህ ፑሌጃዎች ከሞተር ሞተር ስንት ጊዜ ተቀያይረዋል፣ አንዱ ጭረት 0 ይሆናል፣ ሌላው 7.5፣ ሌላው 10። አሮጌ ካንዴላ ሰብራችሁ ሸክላውን አውጡ፣ በቦታው ብሎን አስበይዱበት፣ አንደኛው ሲሊንደር ላይ እሰሩት። ፑሌጃውን በእጅ ቀስ ብላችሁ ፒስተኑ ብሎኑን እስኪነካ አዙሩ፣ ምልክት አድርጉ። በተቃራኒው አዙሩ፣ እንደገና ሲነካ ምልክት አድርጉ። የሁለቱ መሃል የላይ ጫፍ ነው። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፣ አንዴ ከተሠራ ደግሞ ተሠራ ነው። በሞተሪኖ እንዳታዞሩት ብቻ፣ በእጅ።

ከዚያ ሞተሩን አሙቁ፣ ነዳጅ ቀስ እያላችሁ ስጡ፣ ስትሮቡን ቀዩ መስመር ላይ። መስመሩ እየሄደ እየሄደ ይመጣና የሆነ ቦታ ላይ አልሄድም ይላል። ክብደቶቹ ማቆሚያቸውን ነክተዋል ማለት ነው። ቮልስ የዙር መለኪያ የላትም፣ ግን አያስፈልጋችሁም፣ መስመሩ ራሱ ይነግራችኋል። ያቆመበት ቦታ ከሞተሩ መጋጠሚያ ጋር እስኪገጥም ዲስትሪቢዩተሩን አስተካክሉ። ዲስትሪቢዩተሩ ቫኪዩም (በሞተሩ ስበት የሚሠራ ተጨማሪ ማስቀደሚያ) ያለው ከሆነ ቱቦውን ነቅላችሁ ጫፉን ደፍናችሁ ነው የምትለኩት፣ አለበለዚያ ሁለቱ ተደምረው ያሳስቷችኋል።

ማስተካከያ ቁልፍ ያለው፣ ዲግሪውን ራሱ የሚቀንስላችሁ ስትሮብም አለ። 30 ላይ ታደርጉትና የላይ ጫፉን ምልክት ታያላችሁ። ምቹ ነው። ርካሾቹ ግን ፍጥነት ሲጨምር ሁለት ሦስት ዲግሪ ይዋሻሉ፣ ስለዚህ እኔ ምንም ቁልፍ የሌለውን ቀላሉን ስትሮብና የጥፍር ቀለሙን እመርጣለሁ። ጥፍር ቀለም አይዋሽም። በቫኪዩም ጌጅ የሚያስተካክሉም አሉ፤ እሱ የጆሮ ወንድም ነው፣ ሚኒሞውን ነው የሚያየው፣ እለፉት።

ዲስትሪቢዩተሩስ?

የመለኪያውን ጉዳይ ከጨረስን የሚለካው ነገር ይቀራል። ገበያ ላይ ሰው የሚከራከርባቸው ሁለት ናቸው፣ ሌሎቹ ጎን ለጎን።

009 ይባላል አንዱ፣ ስሙ የቦሽ መለያ ቁጥሩ የመጨረሻ ሦስት አሃዝ ነው። ቫኪዩም የለውም፣ ክብደት ብቻ። ቀላል ነው፣ የሚበላሽ ነገር የለውም፣ ዋጋውም ደህና ነው፣ ለዚህ ነው ግማሹ ቮልስ ላይ የምታገኙት። ጉድለቱ ፍጥነትን እንጂ ጭነትን አለማወቁ ነው። ከቆመበት ነዳጅ ስትረግጡ ሞተሩ ለአፍታ ትን ይለዋል፣ "እ..." ብሎ ነው የሚነሳው። ባለ አንድ ካርቡራተር ሞተር ላይ ይሄ በደንብ ይታወቃል። ሰው የካርቡራተሩን ጂግለር (የቤንዚን ማለፊያ ቀዳዳ) ያሰፋና ያስታግሰዋል። ያስታግሰዋል፣ ግን በቤንዚን ነው የሚያስታግሰው፣ የማደያ ሰልፍ ባለበት ዘመን።

ሌላው ክብደትም ቫኪዩምም ያለው ነው፣ ፈረንጆቹ ኤስቪዲኤ ይሉታል። ጎኑ ላይ ክብ ቆርቆሮ አለ፣ ከካርቡራተሩ በቀጭን ቱቦ ይገናኛል። በቀስታ ስትነዱ ቫኪዩሙ ይስባል፣ ክብደቱ ከሰጠው ላይ ሌላ ወደ አሥር ዲግሪ ይጨምራል። ስትረግጡ ቫኪዩሙ ይጠፋል፣ ያቺ አሥር ዲግሪም አብራ ትጠፋለች። ዳገት ላይ 30፣ ሜዳ ላይ 40 ማለት ነው፣ ሁለቱም በቦታቸው ትክክል። ልብ በሉ፣ የኔን ፒስተን የገደለው 41 እና ይህ 40 አንድ አይደሉም። ያኛው እግሬ ወለል ላይ ሆኖ ነው፣ ይሄኛው ፔዳሉ እምብዛም ሳይነካ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የገባው አየር ትንሽ ሆኖ፣ እሳቱ በዝግታ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ቤንዚን ይቆጥባል፣ ከቆመበትም ትን አይለውም።

እዚህ አገር አንድ ነገር አለበት። ቫኪዩም የሚፈጠረው በውጭው አየር ግፊትና በሞተሩ ውስጥ ባለው መካከል ባለው ልዩነት ነው፣ የውጭው ግፊት ራሱ ሲቀንስ ልዩነቱም ይቀንሳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ያ ቆርቆሮ እንደ ባሕር ጠረፉ አይስብም። አይጎዳም፣ ጥቅሙ ትንሽ ያንሳል እንጂ። ስትገዙ ግን ቱቦውን በአፋችሁ ምጡት። ውስጡ ያለችው ሳህን ካልተንቀሳቀሰች ወይም አየር ካስገባ ሜምብሬኑ ተቀዷል፣ ተዉት።

የትኛው? ካርቡራተራችሁ አንድ ከሆነ፣ ሲሊንደሩ 1,641ም ይሁን ኦሪጅናል 1,584፣ ካምሻፍቱ ካልተነካ፣ ቫኪዩም ያለውን ውሰዱ። ክርክር የለውም። 009 ርካሽ ነው ብላችሁ ገዝታችሁ በዓመት ውስጥ በቤንዚን ትከፍሉታላችሁ። ካርቡራተር ሁለት ያደረጋችሁ፣ ለእያንዳንዱ ቴስታታ አንድ አንድ፣ ካምሻፍቱንም የቀየራችሁ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ቫኪዩሙ ደካማና የሚንቀጠቀጥ ነው፣ ብዙዎቹ ካርቡራተሮችም ለቱቦው የሚሆን ቀዳዳ የላቸውም። ክብደት ብቻ ያለው እዚያ ላይ ይሻላል፣ ያ ትንታም በሁለት ካርቡራተር ብዙም አይታይም።

ከ1971 በኋላ ለአንዳንድ 1600 የመጣ ሁለት ቱቦ ያለው ዲስትሪቢዩተርም አለ። እሱ በሚኒሞ 5 ዲግሪ ዘግይቶ፣ ከላይ ጫፍ በኋላ ማለት ነው፣ እንዲሠራ ነው የተፈለገው፣ ለጭስ ቁጥጥር። ከራሱ ካርቡራተር ጋር ካልሆነ አትሞክሩት። 7.5 ቀድሞ እንዲሆን አድርጋችሁ ካሰራችሁት ላይኛው የት እንደሚሄድ አሁን ገብቷችኋል።

በኮምፒውተር የሚሞላው፣ እንደ 123 ኢግኒሽን ያለው የሆላንድ ምርት፣ ቅንጦት ነው። አንዱ ዓይነት 16 የተዘጋጁ የአድቫንስ መስመሮች አሉት፣ ሌላው በስልክ በብሉቱዝ የራሳችሁን ታስገቡበታላችሁ። ለአዲስ አበባ አንድ፣ ለበረሃ አንድ! እንደ ሐሳብ እወደዋለሁ። ውጭ አገር ዘመድ ያለውና መኪናውን እንደ ልጁ የሚያይ ሰው ይግዛው። እኔ ግን ደብረ ማርቆስ ላይ ቢበላሽብኝ ማን ይሠራልኛል የሚለውን ነው የማስበው፣ ፑንቲና የትም አገኛለሁ።

ፑንቲናን አውጥቶ በኤሌክትሮኒክስ የሚተካው ትንሽ ሞጁልስ? ጥሩ ነው፣ ፑንቲና ሲያልቅ ታይሚንጉ ቀስ በቀስ መዘግየቱን ያስቀርላችኋል። ግን የአድቫንሱን መስመር አይቀይርም፣ ያው ክብደት ያው ሞላ ነው። "ሞጁል አስገባሁ፣ ታይሚንግ ተስተካከለ" የሚል ሰው ካገኛችሁ ምንም አልተስተካከለም። አሮጌውን ፑንቲና ከነኮንደንሰሩ ዳሽቦርዱ ውስጥ አስቀምጡ። ሞጁሉ ያለበት መኪና ላይ የአምፖሉን ዘዴ አትጠቀሙ፣ ቁልፍ ከፍቶ ሞተር ሳያስነሱ መቆየት አንዳንዶቹን ያቃጥላቸዋል።

ቁጥሩ

ብዙ ሰው የሚስማማበት ከ28 እስከ 32 ነው፣ ቫኪዩሙ ተነቅሎ፣ ክብደቶቹ ጫፍ ደርሰው። ከከተማ የማይወጣ፣ ጭምቁን ያልጨመረ ሰው 32 ቢሰጠው አዲስ አበባ ላይ ምንም አይሆንም፣ ጉልበቱም ደስ ይላል። ሐዋሳ ለሚመላለስ 30። አዋሽ፣ ድሬዳዋ፣ አርባ ምንጭ፣ አባይ በረሃ ለሚሻገር 28፣ በተለይ እንደኔ አሮጌው የዘይት ማቀዝቀዣ ካለው። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ለመቅዳት የተገደደም 28፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው የቀዳው ብቻ ነው። ከ32 ወደ 28 መውረድ የሚያስቀርባችሁ ጉልበት እግራችሁ እንኳን በቅጡ አያውቀውም። ዝቅ አድርጋችሁ 20 ላይ ብታስሩት ግን እሱም ሌላ ጥፋት ነው፣ እሳቱ ዘግይቶ በጭስ ቫልቩ በኩል እየነደደ ይወጣል፣ ቴስታታው ይግላል፣ ሞተሩ ዳገት ላይ ይለምናል።

30 አስራችሁ ሚኒሞው ከ5 እስከ 10 መሃል ከወደቀ ዲስትሪቢዩተሩ ጤነኛ ነው። 0 ላይ ከወደቀ፣ ወይም 15 ላይ ከቀረ፣ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፣ ክብደቶቹ ተጣብቀዋል ወይ ሞላው ተቀይሯል ወይ ኮፒ ነው። መስመሩ በስትሮብ ሲታይ ወዲያ ወዲህ የሚዘል ከሆነ ዘንጉ ተበልቷል፣ ሮተሩን ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት፣ ይነቃነቃል።

የመጨረሻ ዳኛዬ ካንዴላው ነው። በረሃውን ወጥታችሁ ደጀን ላይ ቡና ከመጠጣታችሁ በፊት፣ ሞተሩ በረድ ሲል ሦስተኛውን ካንዴላ ንቀሉ። ነጩ ሸክላ ላይ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ወይም ጥቁር ነጠብጣቦች ካያችሁ፣ እንደ ተፈጨ በርበሬ ፍሬ፣ ያ ከፒስተናችሁ የተላጠ ነው። እዚያው ሁለት ዲግሪ መልሱ። ዲስትሪቢዩተሩ ከክራንኩ (ፑሌጃውን ከሚያዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ) በግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር ለሁለት ዲግሪ እሱን አንድ ዲግሪ ብቻ ነው ወደ ቀኝ የምትነኩት፣ የፀጉር ያህል ማለት ነው።

ማቀፊያዋን ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና በስትሮብ እዩት። ስትጠብቅ ዲስትሪቢዩተሩን ትንሽ ይዛው ትዞራለች፣ የኔዋ ሁልጊዜ ወደ ሁለት ዲግሪ ታስቀድማለች፣ ስለዚህ 28 ስፈልግ 26 ላይ ነው የማጠብቃት።